የ2017 ፕሪየስ ፕራይሜን ሰጥቼ፣ ጨምሬ አዲስ ልውሰድ? ከጎንደር

እናት ከአዘዞ
ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2017 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም አለችኝ፤ ከግድግዳ ሶኬት ተሰክታ የምትሞላ ሃይብሪድ ናት። ከገዛኋት አራት ዓመት ሆነኝ። ሌሊት ግቢዬ ውስጥ ትሞላለች፤ ጠዋት ልጆቹን ማራኪ ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ። ደርሶ መልሱ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መብራት ባልነበረበት ሌሊት ማግስት በቤንዚን እሄዳለሁ፤ ቤንዚን ጠፍቶ የማደያው ሰልፍ መንገዱን ይዞ ሲጠማዘዝ ደግሞ በመብራት እሄዳለሁ። ባለቤቴ «ሁለት በር ያላት ቤት» ይላታል። እውነቱን ነው።

ታዲያ ለምን መለወጥ ፈለግሽ ብትሉኝ፣ ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ወንበር ነው። የዚህች ሞዴል የኋላ ወንበር መሀሉ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ስላለው የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ዘንድሮ እናቴ ጉልበቷን ስላመማት ከደንቢያ አምጥቻታለሁ፤ አምስት ሆነናል። እሑድ ለቅዳሴ ስንወጣ ባለቤቴ በባጃጅ ይከተለናል። ሁለተኛው፣ ስገዛት በአንድ ሙሊት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 27 ላይ የቤንዚኑ ሞተር ይነሣል።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ሻጭ የ2022 ሞዴል ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ዲኤም-አይ አሳየኝ፤ እሱም ተሰክቶ የሚሞላ የቻይና ሃይብሪድ ነው፤ ባትሪው 18.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእኔን ዞር ዞር ብሎ አየና «ባትሪዋ ሞቷል፤ የምወስዳት ለአካሏ ብዬ ነው» አለኝ። እሷን ሰጥቼ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር እንድጨምር ይፈልጋል። በእጃችን ያለው 700 ሺህ ነው፤ የቀረውን ከባንክ ልንበደር ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወስኚ ብሎኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የሽቦ ሰው
ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ምሽት 3፡25

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት «ሞቷል» የሚለውን ቃል ሳይለኩ እንዳይቀበሉ። ባትሪ በዓይን አይታይም። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ ያወቀው ነገር የለም።

የፕራይም ባትሪ በጠቅላላው 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መኪናው ግን ባትሪውን ለመጠበቅ ሁሉንም አይጠቀምበትም። አዲስ በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ የሰጠው 25 ማይል ነው፤ በእኛ 40 ኪሎ ሜትር። ያንን ለመሄድ ከግድግዳ የሚወስደው ኃይል ከ6 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የእርስዎ መኪና ዛሬ ስንት እንደምትወስድ ማወቅ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ ይንዱ፤ ባትሪው አልቆ ሞተሩ እስኪረከብ ድረስ። ከዚያ ቤት ገብተው ይሰኩ። በሶኬትና በገመዱ መካከል የሚገባ የኃይል መለኪያ ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ ፍሪጁንም ምጣዱንም ሁሉን አጥፍተው የቤቱን ቆጣሪ ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ያንብቡ። ሦስት ሌሊት ይድገሙትና ይጻፉልን።

27 ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገት ነው። ከነተሳፋሪው 1 ሺህ 700 ኪሎ ግራም የሚሆን መኪና በየ100 ሜትር ከፍታው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ቁልቁል ሲመለስ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ደግሞ ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ሰው ተጨምሯል ብለዋል።

በነገራችን ላይ ምጣዱ ተሰክቶ እንጀራ እየተጋገረ መኪናውን አይሙሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ15 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ መኪናው 10 ሲጨምርበት የቆየ ሽቦ ይግላል። የተቃጠለ ሶኬት ስቀይር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ደላላ ነበርኩ
ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ጠዋት 1፡10

ለብዙ ዓመት መኪና አሻሽጫለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በግልጽ ልንገርዎት።

«መኪናሽን ስጪና ይህን ያህል ጨምሪ» ሲባል ሁለት ዋጋ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተሸፍኗል። የእርስዎ መኪና በስንት እንደታሰበ አያውቁም፤ የእሱ መኪና በስንት እንደታሰበም አያውቁም። የሚያዩት ልዩነቱን ብቻ ነው። እሱ እንደ ሁኔታው የእርስዎን ከፍ አድርጎ የራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም የእርስዎን «ሞቷል» ብሎ ያወርዳል፤ ልዩነቱ ያው ነው። ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቁት። ሶንጉን ምንም ሳልለውጥ በጥሬ ገንዘብ ብገዛህ መጨረሻው ስንት ነው? ሶንጉን ባልፈልግና የእኔን ብቻ ብሸጥልህ ስንት ትሰጠኛለህ? ሁለቱንም ያጽፉት።

ሌላው የሳምንቱ መጨረሻ ነገር ነው። እኔም ለሰው ቀን ስሰጥ ኖሬአለሁ። ቀን የሚሰጠው ገዢው ሌላ ሰው እንዳይጠይቅ ነው።

ግልገል በለስ
ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ጠዋት 4፡00

እኔ የሁላችሁንም ሐሳብ አከብራለሁ፤ ግን ለምን እንደገና ሃይብሪድ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይስ ነፃ ሆኖ ገብቷል። የሕዳሴ ግድብም ባለፈው ጳጉሜን ተመርቋል። ሀገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግልጽ ነው። በቀን 32 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ መኪና አንዴ ተሞልቶ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። ዘይት መቀየር የለም፣ ሻማ የለም፣ የማደያ ሰልፍ የለም። ለሁለት ሞተር ጥገና ለምን ይከፈላል?

እናት ከአዘዞ
ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ምሽት 1፡50

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለኪያውን ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው ተውሶ አምጥቷል፤ ከዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ግልገል በለስ፣ ያልከው ለከተማ ውስጥ እውነት ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን የምኖረው ጎንደር ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። በዚያ መንገድ ላይ መብራት ከጠፋበት ከተማ ደርሼ፣ ታማሚ እናት ይዤ፣ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም። አንድ ቀን እደርስበት ይሆናል። ዛሬ ግን ሁለተኛዋን በር መዝጋት ያስፈራኛል።

አባ ጋራዥ
ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ ጠዋት 2፡30

ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፤ የልጅ ልጄ እየጻፈልኝ ነው። ከ30 ዓመት በላይ መኪና ፈትቻለሁ፤ ሃይብሪድም ከገባ ወዲህ ተምሬአለሁ።

መጀመሪያ ጎማሽን አስለኪ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል ባለው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል። የሚመጡልኝ ሃይብሪዶች አብዛኞቹ ነፋሳቸው ጎድሎ ነው። የጎደለ ጎማ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ርቀት እንዴት እንደሚበላ ሰው አያምንም። ሁለተኛ፣ ከኋላ ወንበር አካባቢ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ከላዩ ጋቢ ወይም የልጆች ቦርሳ እንዳይጋረድበት። አቧራውን ካላጸዱት ባትሪው ይሞቃል፤ ባትሪን የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀት ነው። የጎንደር አየር ለባትሪ ደግ ነው፤ መተማ በረሃ ብትሆኚ ሌላ እነግርሽ ነበር። ሦስተኛ፣ ሙሉ አድርገሽ ለቀናት አታቁሚያት።

ስለ ሞተሩም ልንገርሽ። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር፣ ተርቦ ከሌለው፣ ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አየር አይፈልግምና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ዳገትም ሆነ የጎሃን ሲወጣ እንደ ሜዳው ነው። ለዚህ ነው ሃይብሪድ ለጎንደር ይስማማል የምለው። ፕራይምሽም ሶንጉም በዚህ አንድ ናቸው።

ሶንጉን ከወሰድሽ በላስቲክ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን እንዳትቀጂበት። የሞተሩ የመጭመቅ ጥምርታ 15.5 ለ 1 ነው፤ አየርና ቤንዚኑን አጥብቆ ይጨምቃል ማለት ነው፤ ላምባ ወይም ውሃ የተቀላቀለበትን አይታገሥም። ብዙውን ቀን በመብራት ስለምትሄጂ ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይከርማል፤ እሱም ይበላሻል። ታንኩን ሁልጊዜ ጢም አታድርጊው፤ በወር አንድ ሁለት ቀን ሞተሩን አስነሥተሽ ራቅ ያለ መንገድ ሂጂበት። ዘይቱን ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ቀይሪ። ብዙ ሰው «ሞተሩ አልሠራ፣ ዘይቱ ምን ሆነ» ይላል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየተነሣ ሲጠፋ ዘይት ውስጥ እርጥበት ይገባል።

ከሥሩ ሳታዪ አትግዢ። መኪናውን ጉድጓድ ላይ አውጥተሽ ከሥሩ ያለውን የባትሪ ሳጥን እዪ። የተጫረ፣ የጎበጠ፣ የተበየደ ነገር ካለ ተመለሺ።

ሶንግ ከወለቃ
ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ ከሰዓት 9፡15

እኔ የምነዳው ያንኑ መኪና ነው፤ ባለ 18.3ቱን። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ደጉንም ክፉውንም ልጻፍ።

ቻይና ውስጥ ባለው መለኪያ 110 ኪሎ ሜትር ይባላል። እኔ ጎንደር ውስጥ ዳገት ቁልቁለቱን ስሄድ ከ75 እስከ 80 አገኛለሁ። ኮሶዬ ደርሼ ስመለስ ሞተሩ የማይነሣበት ቀን አለ። የእርስዎን 32 ኪሎ ሜትር ያለ ሐሳብ በመብራት ይሄዳል፤ እንዲያውም አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሁለተኛውንም ቀን ይደርሳል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። በድሮው መኪናዬ አንድ ሌሊት ሳይሞላ ካደረ ማግስቱን በቤንዚን ነበርኩ።

በ10 አምፔር ሶኬት ከባዶ እስከ ሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባትሪው የብረት ፎስፌት ዓይነት ስለሆነ ሙሉ ማድረጉ ብዙም አይጎዳውም፤ እንዲያውም መቶኛ ቁጥሩ እንዳይሳሳት አልፎ አልፎ ሙሉ ማድረግ ይመከራል። ረጅም መንገድ ስወጣ ባትሪው ውስጥ የሚቆጠበውን መጠን ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ለዚያ ብቻ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ባትሪው ባዶ ሆኖ እዚያ ከተገባ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናውም ይደክማል።

የማልወድለት፣ የእኔ የገባው ለቻይና ገበያ ከተሠራው ስለሆነ ስክሪኑ በቻይንኛ ነበር። አስቀይሬዋለሁ፤ ግን አንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ዛሬም በቻይንኛ ይመጣል። ስልኬ በካሜራ እየተረጎመልኝ ነው የማነበው። መለዋወጫም ቢሆን እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይገኝም። የፊት መብራቱ ሲሰበርብኝ አምስት ሳምንት ጠብቄአለሁ። እናትዎን ወደ ደንቢያ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ። ከፕሪየስ ይልቅ ከመሬት ከፍ ይላል፤ ግን የሚነዱት የፊት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ክረምት ዋልካ ውስጥ ከገባ እንደማንኛውም የቤት መኪና ይንሸራተታል።

ሌላ አንድ ነገር። የፈለጉት ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ፕራይም ራሱ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። እስከ 2022 ሞዴል ድረስ ባትሪው ያው 8.8 ነው። ከሶንጉ ሊረክስ ይችላል፤ ይጠይቁ።

እናት ከአዘዞ
ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ ምሽት 3፡05

ሦስቱን ሌሊት ለካሁ። የመጀመሪያው 5.1፣ ሁለተኛው 5.3፣ ሦስተኛው 5.2 ኪሎዋት ሰዓት። የሽቦ ሰው በነገሩኝ ስሌት አዲስ ከነበረችበት ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጥ አላት ማለት ነው። አልሞተችም! ልጄ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ ቁጥሮቹን በደብተሩ የጻፈው እሱ ነው።

ጋሼ እንዳሉት ጎማዎቹም ጎድለው ተገኙ፤ ሁለቱ በጣም። ነፋሱ ከተስተካከለ በኋላ በዚያው መንገድ 31 ኪሎ ሜትር ሄደችልኝ። ወንበሩ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ላይ ደግሞ የልጄ ሹራብ ለስንት ወር ተጠቅጥቆ ኖሯል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።

ከዚያ ሻጩን ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ጠየቅሁት። ሶንጉ በጥሬ ገንዘብ 4 ሚሊዮን 100 ሺህ፤ የእኔን ብቻ ብሸጥለት 2 ሚሊዮን 300 ሺህ። ለለውጡ ሲሆን ግን ሶንጉን በ4 ሚሊዮን 300 ሺህ፣ የእኔን በ2 ሚሊዮን 700 ሺህ አስቦት እንደነበር ያን ጊዜ ገለጠልኝ። የ2020 ፕራይምም ጠይቄአለሁ፤ ጎንደርም ባሕር ዳርም ለሽያጭ የቀረበ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በወር ለቤንዚን የማወጣው 3 ሺህ 200 ብር ነው፤ የቅዳሜና እሑዱን መንገድ ጨምሮ። ሶንጉ ሁሉንም ቢያስቀርልኝ እንኳ 1 ሚሊዮን 600 ሺውን ለመመለስ 500 ወር ይፈጃል፤ ከ41 ዓመት በላይ። ስለዚህ በነዳጅ ቁጠባ ስም ራሴን ማሳመን ትቻለሁ። የምገዛ ከሆነ የምገዛው ለእናቴ ወንበር ነው፤ ለዚያ ስንት መክፈል እንደምችል ብቻ ነው ጥያቄው።

ደላላ ነበርኩ
ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ ምሽት 4፡20

እንግዲህ ራስዎ አዩት። በለውጡ የእርስዎን 400 ሺህ ከፍ አደረገ ብለው እንዳይደሰቱ፤ 200 ሺውን በሶንጉ ላይ መልሶ ጭኖታል። በትክክል ሲታይ ለመኪናዎ የሰጠው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ነው።

የለካችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ራሳችሁ ሽጡ። ከልጅዎ ደብተር የሚሻል ማስረጃ የለም፤ ገዢው ከፈለገ ፊቱ ላይ ድገሙት። የመኪናዋ ገዢ ማን እንደሆነ አስቡ። ብቻውን ወይም ከባለቤቱ ጋር በቀን ከ30 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ፣ ግቢ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዩኒቨርሲቲው፣ በሆስፒታሉ፣ በባንኩ ሞልቷል። ለእሱ አራት ወንበር አይጎድልበትም። ብድሩን በተመለከተ ደግሞ 900 ሺህ ብር በ18 በመቶ ቢበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 160 ሺህ ይጠጋል። ከዚህ ላይ የሚቀንሱት እያንዳንዱ 100 ሺህ ከልጆችዎ ጉሮሮ የሚመለስ ነው።

ውልና ማስረጃ
ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ጠዋት 3፡45

እኔ በሕግ ሙያ ነው የምሠራው። ስለ ባትሪው አላውቅም፤ ስለ ወረቀቱ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሶንጉ በማን ስም ነው? ሊብሬው በሻጩ ስም ካልሆነና «በውክልና እሸጥልሻለሁ» ካለ፣ ውክልናው የመሸጥና ስም የማዛወር ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን ያንብቡ፤ አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቋረጣል። ብሩን ከፍለው፣ መኪናውን ይዘው፣ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት የቆሙ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የሌለበት መሆኑን መኪናው ከተመዘገበበት ቢሮ ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርልዎትም። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

የእርስዎንም ሲሸጡ እንዲሁ ይጠንቀቁ። ስሙ ሳይዞር መኪናዋ ከግቢዎ ከወጣች፣ ሰው ብትገጭ በመጀመሪያ የሚፈለገው በሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ለውጥ ሲሆን ሁለት ሽያጭ ነው፤ ሁለት ውል፣ ሁለት ስም ማዛወር። በአንድ ቁራሽ ወረቀት «ተለዋውጠናል» ብሎ መፈራረም አይበቃም።

እናት ከአዘዞ
ጥቅምት 24 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡15

ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት ነገሩ እስኪያልቅ ነው።

ፕራይሟን የሥራ ባልደረባዬ ገዛችኝ፤ 2 ሚሊዮን 850 ሺህ። ብቻዋን ነው የምትመላለሰው። መለኪያውን ራሷ ሰክታ አንድ ሌሊት እኛ ግቢ አስሞላችና 5.2 ሲል አይታ ተስማማች። ውሉን ተዋውለን ስሙን አዙረናል። ሶንጉንም ከዚያው ሻጭ በ4 ሚሊዮን 100 ሺህ በጥሬ ገንዘብ ገዛሁት። ሊብሬው በስሙ ነበር፤ ዕዳም እገዳም አልተገኘበትም። ጋሼ ያሉትን የባትሪ ሳጥንም ጉድጓድ ላይ አስወጥቼ አይቻለሁ። የጨመርነው 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ሆነ፤ ከባንክ የተበደርነውም 900 ሺህ ሳይሆን 550 ሺህ። ለእኛ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ባለፈው እሑድ እናቴን ከፊት፣ ባለቤቴን ከልጆቹ ጋር ከኋላ አድርጌ ደንቢያ ደርሰን ተመለስን። የእናቴ ወንበር ከፍ ስላለ ስትወርድ ጉልበቷን አልያዛትም። ከፕሪየሱ ስትወጣ ሁለት ሰው ይደግፋት ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የፕራይሟ መሙያ ገመድ እኔ ዘንድ ቀርቷል። ሶንጉ ከራሱ ገመድ ጋር ነው የመጣው። የድሮውን ለመጠባበቂያ ብይዘው ይሠራል?

የሽቦ ሰው
ጥቅምት 24 ቀን 2018፣ ምሽት 2፡50

አይሠራም፤ ጫፉ አይገጥምም። የፕራይሙ የአሜሪካና የጃፓን ዓይነት ነው፤ የሶንጉ የቻይና ነው። ገመዱን ለባልደረባዎ ነገውኑ ይስጧት፤ እሷ ያለ እሱ በቤንዚን ብቻ ነው የምትሄደው። ለሶንጉ ደግሞ የመሬት ሽቦ ያለው አዲስ ሶኬት ለብቻው፣ ከምጣዱ መስመር ተለይቶ ይሠራለት። የመሬት ሽቦ ከሌለ ገመዱ ቀይ አብርቶ አልሞላም ሊልዎት ይችላል። አዘዞ ቅርቤ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከተመቸዎት መጥቼ መስመሩን አያለሁ።

እናት ከአዘዞ
ጥቅምት 24 ቀን 2018፣ ምሽት 3፡00

ቅዳሜ 9 ሰዓት ይመቸኛል። ቡና ተፈልቶ ይጠብቅዎታል።